የአምፖሉ ጥፋት

ሁለቱን ወንድማማቾች ሰፈሩ በስማቸው ጠርቷቸው አያውቅም። ታላቁ የሰው ፀጉር ሲያሳምር እየዋለ የራሱ አናት ግን አንዲት ዘለላ ስላላበቀለ «በራው» ይሉታል። መብራት ሲጠፋ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ተራ የሚጠብቁት ደንበኞች «ምን ቸገረን፣ እኛ ዘንድ ሁሌም በራ ነው» እያሉ ይስቁበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ታናሹ ከፀጉር ቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋራ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አለው። ነገር አይችልም። ቱግ ይላል፣ ጨሶ ያበቃል፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጭ ይላል። እሱን «ፊውዝ» አሉት።

ፊውዝን ያሳደገው ወንድሙ ነው። አባታቸው ሲሞት በራው ገና ጢሙ በቅጡ አላበቀለም ነበር፤ ትምህርቱን ጥሎ መቀስ ያዘ። ታናሹን ቴክኒክ ትምህርት ቤት ያስገባው፣ የመጀመሪያዋን ብሎን መፍቻ የገዛለት፣ ሱቁን ሲከፍትም መደርደሪያውን አብሮት በሚስማር ሲመታ የዋለው እሱ ነው። ስለዚህ ፊውዝ ማንም ላይ ለመጮህ ወደኋላ ባይልም ወንድሙ ፊት ሲደርስ ድምፁ ይለዝባል፤ «ጋሼ» ነው የሚለው።

በፀጉር ቤቱ መስታወት ዙሪያ ስድስት ባለ መቶ ዋት አምፖሎች ነበሩ፤ የድሮዎቹ፣ ውስጣቸው ቀጭን ክር ያለባቸው። ከሰዓት በኋላ ቤቱ እንደ ዳቦ መጋገሪያ ይግላል። ደንበኛው ፀጉሩን ሊቆረጥ ገብቶ ላቡን ሲጠርግ ይውላል። አንድ ቀን ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ልባሱ ቀልጦ መሽተት ሲጀምር ፊውዝ ነገሩን አነሳ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ መብራት አይደለም፣ ምድጃ ነው። የሚበሉት ኃይል አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው። ቆጣቢዎቹን ላስገባልህ። አንዱ ሃያ ሦስት ዋት ነው የሚበላው፤ ብርሃኑ ግን የባለ መቶውን ያህል ነው።»

«ሃያ ሦስት እንዴት አድርጎ ነው መቶ የሚሆነው?» አለ በራው መቀሱን ወደ ላይ ይዞ። «ያን ሁሉ ፀጉር የቆረጥኩት ይሄን ሂሳብ እንድትማርልኝ ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። በራው ግን ወንድሙን ያምነዋልና እሺ አለ። ፊውዝ ስድስቱንም ፈትቶ እንደ አንጀት የተጠማዘዙትን ነጫጭ አምፖሎች አስገባ። ቤቱ ቀዘቀዘ። መስታወቱም ደመቀ። በራው ለመጣው ሁሉ «የወንድሜ ሥራ ነው» እያለ ያሳይ ነበር።

ቅሬታው የመጣው በኋላ ነው። መጀመሪያ «ስታበራቸው እንቅልፋሞች ናቸው» አለ። ልክ ነው፤ ቆጣቢ አምፖል ሲበራ ፈዘዝ ብሎ ይጀምርና ቆይቶ ነው ሙሉ ብርሃኑን የሚሰጠው። ፊውዝ ይህንን አስረዳው። ከዚያ «ደክመዋል» አለ። ፊውዝ ቀየረለት። አሁንም «ቤቱ መሽቶብኛል» አለ። ፊውዝ ከበር በላይ አንድ፣ ከኋላ አንድ ጨመረለት። ደንበኞቹ ዓይናቸውን ማጨናበስ ጀምረው ነበር፤ በራው ግን መቀሱን ወደ መስታወቱ አስጠግቶ «ዘንድሮ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ማመን ቀረ» እያለ ያጉረመርማል።

ወሬ እግር አለው። የሰፈሩ ሰው አምፖል ሊገዛ ሲመጣ «የወንድምህን ዓይነት አትስጠኝ» ማለት ጀመረ። አንዲት ሴትዮ ምንም ያልሆነ አምፖል መልሳ ባንኮኒው ላይ ጥላለት ሄደች። ፊውዝ ጥርሱን ነክሶ ቻለው። አንድ ቀን ቀትር ላይ ግን ግድግዳውን አልፎ የወንድሙ ድምፅ መጣ፦

«የገዛ ወንድሜ ጨለማ ሸጠልኝ!»

ፊውዝ ቱግ አለ። አንድ ባለ መቶ አምፖል፣ አንድ አዲስ ቆጣቢ፣ ሁለት የአምፖል መያዣና ዋት የምትቆጥረውን ትንሽ መሣሪያ ከመደርደሪያው አንስቶ ሰተት ብሎ ገባ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ የወንድሙ ሚስት የታጠቡ ፎጣዎች ታጥፋለች። የሰፈሩ ልብስ ሰፊ፣ የበራው የልጅነት ጓደኛ፣ ተላጭቶ አገጩን እየዳበሰ ነው። ከኋላ አግዳሚው ላይ ሁለት ደንበኞች ተራ ይጠብቃሉ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ይለይልን» አለ ፊውዝ። «በሩን ዝጉት። መጋረጃውንም። የመስታወቱንም መብራት አጥፉት።»

ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ማበጠሪያዎችና ጠርሙሶች ገፋ አደረገና ሁለቱን አምፖሎች በሁለቱ ጫፍ አቆመ። ከነጭ ወረቀት ላይ አንድ ቁራጭ ቀደደ፤ የፀጉር መቁረጫ ማሽኑ የሚቀባበትን ዘይት በጣቱ ነክቶ የወረቀቱን መሀል አስነካው።

«ተመልከቱ» አለ። «ወረቀቱን በሁለቱ መሀል አቆመዋለሁ። ከኋላው ያለው ብርሃን ከበለጠ ይሄ የዘይት እድፍ ነጥቶ ይታያል። ከፊት ያለው ከበለጠ ደግሞ ይጠቁራል። እኩል ከሆኑ እድፉ ይጠፋል። ወረቀት አይዋሽም።»

ባለ መቶውን ሲያበራው መሣሪያዋ መቶ ግድም አሳየች። ቆጣቢውን ሲያበራው ሃያ ሦስት። አምፖሉ እስኪሞቅ ጠበቁ። ከዚያ ፊውዝ ወረቀቱን እኩሌታው ላይ አቆመው፤ እድፉ ድራሹ ጠፋ።

«ወይ ጉድ!» አለ ልብስ ሰፊው አጎንብሶ። «ሃያ ሦስቱ ከመቶው ጋር እኩል ወጣ!»

በራው ጎንበስ ብሎ አየ። «እሺ፣ ጠፍቷል። ይሄ ግን አዲስ ነው። የኔን ፈትተህ አምጣ።»

ፊውዝ ከመስታወቱ ላይ አንዱን ፈትቶ በአዲሱ ቦታ አስገባ። ያረጀ አምፖል ትንሽ ስለሚደክም ወረቀቱን ወደ እሱ ጥቂት መግፋት ነበረበት፤ እድፉ እዚያ ጠፋ። ልዩነቱ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ንዴቱ ግን ገና አልበረደለትም፤ ነገሩን ጥርት ለማድረግ ወረቀቱን ወስዶ ከባለ መቶው አፍንጫ ሥር ተከለው።

«አሁንስ? የቱ ይበልጣል?»

እድፉ በነጩ ወረቀት ላይ እንደ ሳንቲም ጥቁር ብሎ ተቀመጠ። የወንድሙ ሚስት ፎጣዋን እንደያዘች ከባሏ ጎን ሆና አየችው። ልብስ ሰፊውም አየው።

በራው ፊቱን አስጠጋ። ከዚያም ይበልጥ አስጠጋ። አፍንጫው ወረቀቱን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«አሁንም የለም» አለ። «እኩል ናቸው… አይ፣ አንተ ልጅ፣ ቆይ፣ ዘይቱን አስነክተኸዋል? ምንም የለበትም እኮ!»

ልብስ ሰፊው አፉን ከፍቶ ፊውዝን አየውና መልሶ ገጠመው። ፊውዝ ክው ብሎ ቀረ። ሰሞኑን ያያቸው ነገሮች አንድ በአንድ መጡበት፤ ወንድሙ የተዘረጋለትን እጅ ሳያይ ማለፉ፣ የበሩን መቃን በትከሻው መግጨቱ፣ ከጎኑ ያለ ሰው ሲናገር መበርገጉ። ችግሩ ከአምፖሉ አልነበረም።

አግዳሚው ላይ ያሉት ሁለት ደንበኞች ከተቀመጡበት ወረቀቱ አይታያቸውም፤ የሚባለውን ግን ጆሯቸውን አቁመው እየሰሙ ነው። ፀጉር አስተካካይ ዓይኑ ደከመ ከተባለ አንገቱን ለምላጩ የሚሰጥ ሰው የለም። ፊውዝ ይህንን ሲያስብ ምላሱ ከሐሳቡ ቀደመ።

«ልክ ነህ ጋሼ» አለ። «ዘይቱ ደርቋል መሰለኝ። ሙከራው አልሠራም። እነዚህ አምፖሎችም… የዚህ ጊዜዎቹ ጥሩ አይደሉም። እቀይርልሃለሁ።»

በዕድሜው ሙሉ በትንሹም በትልቁም ሲነድ የኖረው ሰው መጮህ በነበረበት ሰዓት ዝም አለ። በራው እጁን አጨበጨበና ወደ ደንበኞቹ ዞረ።

«አላልኳችሁም? እኔን እብድ ልታደርጉኝ!»

ፊውዝ ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣ የወንድሙ ሚስት በር ላይ ደረሰችበት።

«ዋርሳዬ፣ አይተሃል አይደል?»

«አይቻለሁ።»

«ንገረው እንጂ። እኔን አይሰማኝም፣ አንተን ነው የሚሰማህ።»

«እነግረዋለሁ። ሰው ፊት አልሆን ብሎኝ ነው። ብቻውን ሳገኘው እነግረዋለሁ።»

ብቻውን አገኘው። አንዴ ሱቁን ሲዘጉ «ጋሼ፣ ዓይንህን ብትታይስ?» ብሎ ጀመረ። «ይልቅ አንተ አምፖልህን አስመርምር፤ ለዓይኔ እኔ አውቃለሁ» አለው በራው፤ ሳቀና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ፊውዝም አብሮ ሳቀ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሊነግረው ተነስቶ ሄዶ፣ ወንድሙ በጥሩ መንፈስ ላይ ሆኖ ሲያገኘው ተወው። ቀን በቀን ላይ ተደረበ። አንዴ ከዋሸ በኋላ ውሸቱን መቀለብ ግድ ሆነበት፤ ወንድሙ «ደብዛዛ ነው» ባለ ቁጥር ከፍ ያለ ዋት ያመጣለታል። መጨረሻ ላይ ትልልቆቹን፣ ለመጋዘን የሚሆኑትን ሰቀለለት። ፀጉር ቤቱ ከመንገድ ማዶ ሲያዩት ዓይን ይወጋል። በራው በዚያ ሁሉ ብርሃን መሀል ቆሞ ምላጩን በመዳሰስ ይፈልጋል።

ደንበኞቹ ቀስ በቀስ ሳሱ። አንዱ ፂሙ ተበላልጦበት ቀረ፤ ሌላው ምንም ሳይል ሌላ ቤት ለመደ። ልብስ ሰፊው ግን አልቀረም። ያን ቀን ወረቀቱ ላይ ያለውን አይቷል፤ እያወቀ ወንበሩ ላይ ይወጣል፣ አንገቱን ያቀናል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ፊውዝ አንድ ቀን «አንተስ አትፈራም?» ቢለው፣ «እኔ ከቀረሁ ማን ይመጣለታል?» አለው።

ምላጩ የልብስ ሰፊውን የጆሮ ጫፍ የወሰደው ጠዋት ላይ ነው። ፊውዝ የሰማው የወንድሙን ሚስት ጩኸት ነበር። ሲገባ ነጩ ጨርቅ ከትከሻ እስከ ጉልበት ቀልቷል። ልብስ ሰፊው ጥርሱን ነክሶ፣ የወንበሩን እጀታ ጨብጦ፣ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። በራው ደግሞ ደሙን አላየውም። አረፋውን መቀባቱን ቀጥሏል። ሚስቱ ስትጮህ ብሩሹን እንደያዘ ዞሮ «ምን ሆንሽ? ምን ተሰበረ?» ይላል።

ፊውዝ እጁን ያዘው። «በቃ ጋሼ። በቃ፣ አስቀምጠው።»

«ምን ሆኗል?»

«ቆርጠኸዋል።»

በራው የጓደኛውን ፊት ሊዳስስ እጁን ሰደደና ጣቶቹ ሲረጥቡ አወቀ። ምላጩ ከእጁ ወደቀ። «ለምን ዝም አልከኝ?» አለ። «ለምን አልጮህክብኝም?»

«ምንም አይደል» አለ ልብስ ሰፊው ጆሮውን በፎጣ እንደያዘ። «ጆሮ ነው፤ ለሌላው ጎን አንድ አለኝ።» ማንም አልሳቀም።

የዓይን ሕክምናው ቤት ጠባብና ንጹሕ ነበር። በራውን አገጩን መሣሪያ ላይ አስደግፈው፣ ትንሽ መጫኛ በእጁ አስይዘው፣ «ብልጭታ ባየህ ቁጥር ተጫን» አሉት። ፊውዝና የወንድሙ ሚስት ከጎን ሆነው ጠበቁ። መሣሪያው ውስጥ ብልጭታዎቹ እየመጡ ይሄዳሉ፤ የበራው አውራ ጣት ግን አይንቀሳቀስም። አልፎ አልፎ ብቻ ይጫናል። እሱ በጣም ጥቂት ብልጭታ ያለ መስሎት በትዕግሥት ይጠብቃል።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቃል አታባክንም። የዓይን ውስጥ ግፊት ነው አለች፤ ግላኮማ ይባላል፤ አያምም፣ ዳር ዳሩን እየበላ ቆይቶ ወደ መሀል ይገባል። ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ብርሃን ያነሰው ብቻ ነው።

«የቀኙ ነርቭ ሞቷል። ግራው በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ያህል ቀርቶለታል። የሄደው አይመለስም። የቀረውን ለማቆየት ጠብታ እንሰጥሃለን፤ ቃል ግን አልገባልህም።» ወደ ሁለቱ ዞረች። «ጨለመብኝ ማለት ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው? ማንም ልብ አላለም?»

የወንድሙ ሚስት መሬት መሬቱን አየች። ፊውዝ ግን እዚህ ደግሞ ዝም ማለት አልቻለም።

«እኔ አውቅ ነበር» አለ። «አምና። በወረቀቱ ቀን።»

በራው ፊቱን ወደ ድምፁ መለሰ። «የቱ ወረቀት?»

«አምፖሎቹን ያነጻጸርንበት።»

«ዘይቱ ደርቆ የነበረው?»

«አልደረቀም ነበር ጋሼ።»

«እድፉ ነበረ?»

«ነበረ።»

«በደንብ ይታይ ነበር?»

«እንደ ሳንቲም ነበር የሚታየው።»

«አንቺም አይተሻል?» ሲል ሚስቱን ጠየቃት። እሷ ማልቀስ ጀምራለች፤ መልሱን ከልቅሶዋ ሰማው። በራው ሐኪሟን ደግነት ባለው ድምፅ፣ ደንበኛ እንደሚያነጋግር ሆኖ፣ «ያኔ ብመጣ ኖሮ?» አላት።

«ብዙ ይተርፍ ነበር» አለች። ደግማ አላለችውም።

ከመውጣታቸው በፊት ሐኪሟ ፊውዝን አስቀረችው። ይሄ በሽታ በዘር ይሄዳል፣ ወንድም መመርመር አለበት አለችው። ዓይኑ ላይ ቀዝቃዛውን መሣሪያ ነካ አድርጋ ግፊቱን ለካች፤ ወረቀት ላይ ጻፈች።

«ያንተም ከፍ ያለ ነው። ነርቭህ ግን ገና አልተነካም። ጠብታውን ሳታቋርጥ ካደረግክ ታያለህ። በጊዜ መጣህ።»

በጊዜ መጣህ። ይህችን ቃል ይዞ ወጣ። በራው ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል፤ ፊውዝ ሲወጣ ቀና አላለም። ቤቱ እስኪደርሱ ድረስ አልተናገረም፤ ከዚያም በኋላ ወንድሙን አላነጋገረም።

ፀጉር ቤቱን ጫማ የሚሸጥ ሰው ተከራየው። መስታወቱ ተነቀለ፣ ወንበሩ ተሸጠ። ፊውዝ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ በግድግዳው ማዶ የማያውቀው ሰው ሲያስነጥስ ይሰማል። ሰው አምፖል ሊገዛ መጥቶ «ቆጣቢው ከድሮው ጋር እኩል ያበራል?» ብሎ ሲጠይቀው ካርቶኑን ገፋ ያደርግለትና «አብርተህ እየው» ይለዋል። ማስረዳት አስጠላው። ወንድሙ ቤት በሄደ ቁጥር በራው ድምፁን ሲሰማ ተነስቶ ግድግዳውን እየዳሰሰ ወደ ውስጥ ይገባል። ፊውዝ ያመጣውን ለወንድሙ ሚስት ሰጥቶ ይመለሳል።

ጠብታውን መተው የጀመረው ያኔ ነው። ያቃጥላል፤ እሱ ብቻ ግን አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ብልቃጡን ሲያነሳ «ጋሼ ያላገኘውን እኔ በምን ዓይኔ?» ይላል፤ መልሶ ያስቀምጠዋል። የወንድሙ ሚስት ነገሩን እንደ ዋዛ ጠይቃው አወቀች፤ ማታውኑ ለባሏ ነገረችው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ «ይምጣ በሉት» የሚል ቃል ደረሰው። ፊውዝ ሱቁን ክፍቱን ትቶ ሮጠ። በራው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል።

«ጠብታውን ትተኸዋል አሉ።»

ከዚያ የሕክምና ቤት ቀን ወዲህ ያናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።

«ያቃጥለኛል ጋሼ።»

«ያቃጥለኛል!» በራው የወንበሩን እጀታ በመዳፉ መታው። «እኔን የሚያቃጥለኝን ላሳይህ? አንተም እንደኔ ተጎልተህ ስንት ሰው ሊመራን ነው? ብልቃጡ የት አለ?»

«ኪሴ ውስጥ ነው።»

«ና፣ ተቀመጥ።»

ፊውዝ ወለሉ ላይ፣ በወንድሙ ጉልበቶች መሀል ተቀመጠ። የበራው እጅ አናቱን አገኘ፣ ወደ ግንባሩ ወረደ፣ አገጩን ይዞ ወደ ላይ አቀናው። ሚስቱ «እኔ ላድርግለት» ብላ ቀረበች፤ በእጁ መለሳት። በአውራ ጣቱ የታችኛውን የዓይን ቆብ ጎተት አደረገ። የመጀመሪያዋ ጠብታ ጉንጩ ላይ አረፈች።

«አትጨፍን» አለ በራው። «መጨፈን ታውቅበታለህ አንተ።»

«አልጨፍንም ጋሼ።»

ሁለተኛዋ ገባች። ፊውዝ ተቃጠለ፤ ዓይኑን ግን አልከደነም። በራው ወደ ሌላው ዓይን ተሻገረ።

«ይቅር ብዬህ እንዳይመስልህ።»

«አውቃለሁ።»

«ነገም ና። አንተ አይደለህም የምታደርገው፣ አላምንህም።»

ፊውዝ በማግስቱም ሄደ፣ ከዚያ ወዲያም ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ይሄዳል። ብዙ አያወሩም። የበራው ግራ ዓይን የራሱ ጠብታ ሳይቋረጥበት ከዝናቡ ወራት በኋላ እሱም ጠፋ፤ ማንንም አልወቀሰም፣ «መስኮቱ አልታይ አለኝ» ብቻ ነው ያለው። የፊውዝ ዓይን እስከዛሬ ደህና ነው። ሐኪሟ በመረመረችው ቁጥር ደስ ይላታል። እሱ ውጤቱን ተቀብሎ ኮሪደሩ ላይ ሲወጣ የሚያየውን ሁሉ፣ የግድግዳውን ቀለም፣ የሰውን ፊት፣ የበሩን ቁጥር፣ አንገቱን ደፍቶ ያልፈዋል።